የሀጂ ሀያቱ ጠገራ ብር

ሀጂ ሀያቱ ሞቶ የተገኘው በገዛ ብሩ ላይ ተደፍቶ ነው።

ጊዜው የካቲት 1966 ዓ.ም.፣ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙበት ሳምንት ነበር። ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሚስቱ ዙቤዳ ለዙሁር ሶላት ልትጠራው የዕቃ ቤቱን በር ገፋች። ባሏ በጆንያዎቹ መካከል በግንባሩ ወድቋል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። መቶ ጠገራ ብር የሚይዝ ከረጢት አጠገቡ ተቀዶ፣ የሴትዮዋ ሥዕል ያለባቸው ማርትሬዛዎች ደም እየነካቸው በሲሚንቶው ላይ ተበትነዋል። ዙቤዳ ጮኸች። ከግቢው በር ውጭ የቆመው ሕዝብ ሀጂ ሞተ ሲባል የመለሰው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ብሩስ?»

ነገሩን ለማያውቅ ጭካኔ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከኤደን የመጣ አንድ ነጋዴ የብር ዋጋ በውጭ አገር ሰማይ እየነካ ነው ብሎት ሄደ። ሀጂም ሌት ተቀን አሰበበት። ማርትሬዛውን ሁሉ አንድ ሰው ከያዘው ፈላጊ ሁሉ ወደዚያ ሰው በር ይመጣል፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ይሆናል። ከመርካቶ ገዛ፣ ከጅማ ገዛ፣ ከወሎ አስመጣ። የራሱ ገንዘብ ሲያልቅ ከኮልፌ እስከ አስኮ ካለ ጎረቤት ተበደረ። ሁለት ብር ከሃምሳ የነበረው ጠገራ አምስት ገባ፣ ሰባት ገባ፣ ጥር ላይ ዘጠኝ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን ረሳ። የአገሩ ብር ያለው በሱቅ ሳይሆን በሴቶች አንገት ላይ ነው። ዘጠኝ ብር መባሉ ሲሰማ በየገጠሩ ያልተፈታ ድሪ፣ ተቆፍሮ ያልወጣ እንስራ አልቀረም። በአህያ መጣ፣ በጭነት መኪና መጣ። ሀጂ የሚገዛበት አጥቶ እጁን ሲሰበስብ ዋጋው ቁልቁል ተንከባለለ፤ በስምንት ቀን ሁለት ብር እንኳ የሚሰጥ ጠፋ። ሀብታም ሲከስር ተበድሮ ነው፤ ድሃ ሲከስር አበድሮ ነው። እነዚያ ያበደሩት ድሆች ናቸው ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ የቆሙት፤ ዛሬ ደግሞ ድንጋይ መያዝ ጀምረዋል።

ጣቢያው የላከው ሃምሳ አለቃ ወዬሳን ነው። ሻምበሉ መኪናዬ በድንጋይ ይመታብኛል ብሎ ስለፈራ፣ ወዬሳ አንድ ፖሊስ አስከትሎ በእግሩ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል። ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ሰላምታ የሚሰጣቸው አለቆቹ ናቸው። ደኅና ቀን ሲሆን «ይሄ ስድስተኛ ክፍል» ይሉታል፤ ሬሳ ሲገኝ «ወዬሳን ጥሩት» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው «ወዬሳ የሚባል መኮንን አይቼ አላውቅም፤ ስምህን አስተካክልና እናያለን» ብሎት ነበር። ወዬሳ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ፤ ስሙንም አላስተካከለም። ሃምሳ አለቃም ሆኖ ቀረ።

ግቢው ከበሩ ሲገቡ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ በረንዳ አለ። ከበረንዳው ኋላ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ በግራ ዕቃ ቤቱ፣ በቀኝ ብር የሚቆጠርበት ክፍል። ሁለቱን የውስጥ በር ያገናኛቸዋል። በረንዳው ላይ ጀርባውን ለክፍሎቹ፣ ፊቱን ለሜዳው ሰጥቶ አንጥረኛው ወልደ አማኑኤል በመስፉ ላይ ብር ይቀጠቅጣል። ከሜዳው ወደ ክፍሎቹ የሚያልፍ ሰው ከሽማግሌው ዓይን አያመልጥም። የዕቃ ቤቱ መስኮት አንዲት ናት፤ እሷም ብረት አላት።

ወዬሳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሟች የቀኝ እጅ ጣቶች ቅቤ ነክቷቸው ያብለጨልጫሉ። አጠገቡ ትሪ አለ፤ ሳህኑ ተጠርጎ ተበልቷል፤ ጠርዙ ላይ የአይብ ፍርፋሪ ቀርቷል። የተቀደደውን ከረጢት አነሣ። ከባድ ነው፤ ሰው ለመግደል ይበቃል። አፉ በቀይ ክር ተሰፍቶ ነበር፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም፣ በቢላ ተቆርጧል። ከተበተኑት ማርትሬዛዎች አንዱን አንሥቶ ሲሚንቶው ላይ ጣለው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሌላውን ጣለ። ዷ ብሎ ቀረ፣ እንደ ጠጠር። ሌላም ጣለ። ዷ።

ሁለቱን ዓይነት በሁለት ኪሱ ከትቶ ተነሣና ዙቤዳን ጠራት። ሃያ አምስት ዓመት አይሆናትም። ሕፃን ልጇን አልፊያን አዝላለች።

«እህቴ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት እዚህ ገብተሽ ነበር?»

«አራት ሰዓት ላይ ቁርሳቸውን አስገባሁ ጌታዬ። ቆጮ በአይብ። አስቀምጬ ወጣሁ።»

«ሳትነጋገሩ?»

«ተኳርፈን ነበር።» እጇ ወደ ባዶ አንገቷ ሄደ። «የእናቴ ድሪ ነበረኝ፤ አሥራ ሁለት ማርትሬዛ። ዘጠኝ ገባ ሲባል ፈትተው ጆንያ ውስጥ ጨመሩት። ትናንት መልሱልኝ ብላቸው ‹ከየትኛው ጆንያ ላውጣልሽ› ብለው ሳቁብኝ። ጮህኩባቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አላህ ይክፈልዎት ብያለሁ፤ አልዋሽም።»

«የከረጢቶቹ ክር ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ነው፤ ለምን ይለያያል?»

«ሀጂ ራሳቸው የገዙትን በነጭ ይሰፋሉ። ወንድማቸው ረሻድ ከገጠር የሚያመጣውን በቀይ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊወስዱኝ ነው አይደል? በዚህ በር፣ በእነዚያ መሀል?»

ወዬሳ ወደ በረንዳው አየ። «አንጥረኛውን ጥሪልኝ» አላት።

ዙቤዳ ከሽማግሌው ጀርባ ቆማ ተጣራች። «አባባ ወልዴ! ፖሊስ ይፈልግዎታል!»

ሽማግሌው መሞረዱን ቀጠለ።

«አባባ ወልዴ!» ወደ ወዬሳ ዞረች። «ይኸው! ከኮሩብን ሁለት ዓመታቸው። ብር ሲበዛ ሎሌውም ይኮራል መሰለኝ።»

የሟች ወንድም ረሻድ ከመቁጠሪያው ክፍል ወጣ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሽቶው አስቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በሽማግሌው ዙሪያ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመና ጉልበቱን ነካ አደረገው። «አባባ፣ ሃምሳ አለቃው ይጠሩዎታል።» ሽማግሌው ብድግ አለ።

ወልደ አማኑኤል ስድሳውን አልፏል። ሲያናግሩት ዓይኑን ከተናጋሪው አፍ አይነቅልም።

«ጠዋት ከዚህ ተነሥተዋል?»

«ለአፍታም አልተነሣሁ።»

«ማን አለፈ?»

«ዙቤዳ ብቻ። ትሪ ይዛ ገባች፣ ወጣች፤ ኋላም ስትጮህ።»

«ረሻድስ?»

«እሱ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ፣ እዚያ ክፍል ነበር። ማርትሬዛውን አንድ በአንድ እብነ በረድ ላይ ሲጥል ሰምቼዋለሁ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። አንዴም አላቋረጠ። ቢነሣ ኖሮ ይቋረጥ ነበር።»

ወዬሳ ወደ ማስታወሻው አቀርቅሮ እየጻፈ «ለምንድነው የሚጥለው?» አለ። ሽማግሌው ዝም አለ። ወዬሳ ቀና ብሎ ደገመው።

«ለመፈተን ነዋ! እርሳስና ቆርቆሮ ቀላቅሎ ብር የሚቀባ ሌባ አለ። ሚዛኑን አስተካክሎ ያታልልሃል። ድምፁን ግን አያስተካክለውም። እውነተኛው ይጮሃል፣ ሐሰተኛው ዲዳ ነው። እዚህ ቤት የገባ ሁሉ በኔ ጆሮ አልፏል።»

«እየቀጠቀጡ የሌላ ክፍል ሳንቲም ይሰማዎታል?»

ሽማግሌው እጁን በልብሱ ጠረገ። «አንጥረኛ ነኝ ጌታዬ። አርባ ዓመት በጆሮዬ ነው እንጀራ የበላሁት።»

ረሻድ ሲጠየቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሻምበሉ የሉም እንዴ? ለሀጂ ሀያቱ ሞት ሃምሳ አለቃ?»

«ለጊዜው እኔን ይታገሡኝ አቶ ረሻድ። ወደ ዕቃ ቤቱ የሚያስገባው የውስጥ በር ቁልፍ አለው?»

«የለውም። ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሽማግሌውን ጠይቀው።»

«ጠይቄያለሁ። ጩኸት አልሰሙም?»

«ከውጭ በዚያ ሁሉ ጩኸት? የወንድሜ ደም እንዲህ መቅረቱ…» መሐረብ አወጣ። «የሚስት ነገር ነው። አንገቷ ላይ ላለ ብር…»

ያን ጊዜ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ከመንገድ ተወርውሮ የበረንዳውን ቆርቆሮ መታው። ቤቱ ሁሉ ተንጓጓ። ረሻድ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ ዙቤዳ ልጇን አቅፋ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፤ ፖሊሱ ዱላውን መዘዘ፤ ወዬሳ ራሱ አንገቱን ቀበረ። ቀና ሲል ሽማግሌው ጀርባውን እንደሰጣቸው በእርጋታ አንዲት ቀለበት እየሞረደ ነበር።

ወዬሳ ያን ጀርባ ልብ አለ።

የቀረችው ምስክር ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናት። የባሏን የሞት ካሳ ለሀጂ ያበደረች መበለት ናት፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ካልከፈለኝ አልነሣም ብላ በሜዳው ድንጋይ ላይ፣ በበረንዳው ትይዩ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ዙቤዳ ትሪ ስታስገባ አይተዋል?»

«ዓይን አለኝ ልጄ።»

«ውስጥ ምን ያህል ቆየች?»

«ቆየች? በሩ ላይ ጎንበስ፣ ቀና። አንድ አባታችን ሆይ እንኳ አይደገምበትም። ልጅቱን አልወዳትም፤ የሷ ባል ነው የበላኝ። ያየሁት ግን ይኸው ነው።»

«ከዚያ በኋላ የገባ ሰው አለ?»

«ዝንብ አልገባም።»

«ሽማግሌው ከመስፉ ተነሥቶ ነበር?»

«እኔንም እሱንም ተክለው የረሱን ነው የሚመስለው።»

«የሳንቲም ድምፅስ ከክፍሉ ይሰማ ነበር?»

«ከኋላዬ የሕዝብ ጩኸት፣ ከፊቴ መዶሻ! እንኳን ሳንቲም የራሴን ጸሎት አልሰማሁትም።»

ወዬሳ የሰማውን ለሻምበሉ በስልክ ነግሮ፣ ዕቃ ቤት ገብቶ ከረጢቶቹን መፈተሽ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሻምበሉ በጭነት መኪና ፖሊስ ሞልቶ መጣ። ሕዝቡን እስከ ዋናው መንገድ ካስገፋ በኋላ ነው ከጋቢናው የወረደ። በእጁ በታይፕ የተመታ ወረቀት ይዟል፤ ካቴናውን የያዘው አጃቢው ነው።

«ጨረስክ ወዬሳ? በስልክ ነግረኸኛል፤ የገባችው ሴትዮዋ ብቻ ናት። ክሱን አስመትቼዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ እሷ አይደለችም።»

«ምስክር አለኝ! ወንድምየው ከወንበሩ አልተነሣም ብሎ የሚምል። ባሏን የገደለች ፍርዷ ስቅላት ነው፤ ዛሬ ይህን ሕዝብ የሚያበርደው ሌላ ነገር የለም። ካቴናውን አግባላት።»

አጃቢው አልፊያን ከዙቤዳ ጀርባ አውርዶ ለወለተጻድቅ ሰጠና ካቴናውን ቆለፈ። ዙቤዳ የታሰሩ እጆቿን ወደ ልጇ ዘረጋች።

«ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አለ ወዬሳ። «ከተሳሳትኩ ማዕረጌን ያንሡ።»

ሻምበሉ ሳቀ። «የቱን ማዕረግ? በል፣ ግማሽ ሰዓት።»

ወዬሳ አስቀድሞ ወደ ወልደ አማኑኤል ሄደ። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማው «አባባ፣ የሚጨምሩልኝ ነገር አለ? ያቺ ልጅ ልትሰቀል ነው» አለው። የሽማግሌው ዓይን ወደ ካቴናው ሄደ፣ ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ወደሚታየው መንገድ ሄደ። እዚያ ያሉት ሰዎች ብራቸው እርሳስ መሆኑን ገና አልሰሙም።

«የለም» አለ። ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ነበር።

«እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ» አለ ወዬሳ።

ሁሉንም በረንዳው ፊት ሰበሰባቸው። ሻምበሉ ወንበር ላይ፣ ረሻድ አጠገቡ፣ ዙቤዳ በሁለት ፖሊስ መካከል፣ ወለተጻድቅ ሕፃኗን ታቅፋ። ወልደ አማኑኤልን እንደ ወትሮው በመስፉ ኋላ አስቀመጠው፤ መዶሻውን ግን ወሰደበት። ፖሊሱን ወደ መቁጠሪያው ክፍል ላከው።

«አባባ» አለ ፊት ለፊቱ ቆሞ። «ፖሊሱ ጠዋት ረሻድ እንዳደረገው ማርትሬዛ ይጥላል። ሲያቆም እጅዎን ያንሡልኝ። እናንተ ደግሞ እባካችሁ ትንፋሽ እንዳይሰማ።»

ግቢው ጸጥ አለ።

«ጀመረ?»

ሽማግሌው ወዬሳን አፍ አፉን አየ። «ጀመረ።»

«ይሰማል?»

«ይሰማል። ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ጥርት ብሎ።»

ወለተጻድቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሻምበሉ ከወንበሩ ተነሣ። ከክፍሉ ምንም አልተሰማም፤ የሕፃኗ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። ፖሊሱ በበሩ ብቅ አለ፤ ሁለት እጆቹ ባዶ ናቸው።

«እንዳዘዝከኝ ቁጭ ብዬ ነበር» አለ። «አንድም አልጣልኩ።»

ሽማግሌው የሰዎቹን ፊት ተራ በተራ አየ። ገባው። እጁን አላነሣም፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይህን ያደረግሁት ላዋርዳቸው ብዬ አይደለም» አለ ወዬሳ። «የኮልፌ ሰው አባባ ወልዴ ኮሩ ይላል። አልኮሩም፤ ደንቁረዋል። አርባ ዓመት መዶሻ ያላደነቆረው አንጥረኛ የለም። ዙቤዳ ስትጣራ አልዞሩም። እያቀረቀርኩ ስጠይቃቸው አልመለሱም። ጣሪያው በድንጋይ ሲመታ ሁላችንም ስንደነብር እሳቸው ቀለበት ይሞርዱ ነበር። አሁን የጠዋቱን እንይ። ዙቤዳ ትሪውን ያስገባችው ሙሉ አድርጋ ነው። እትዬ ወለተጻድቅ እንዳዩት ጎንበስ ቀና ለማለት ያህል ብቻ ቆየች። ሳህኑ ግን ተጠርጎ ተበልቷል፤ የሟች ጣቶች ቅቤ ናቸው። ስለዚህ ሀጂ እሷ ከወጣች በኋላ ተቀምጠው በልተዋል። እስክትጮህ ድረስ በሜዳው በኩል ሌላ ሰው አልገባም፤ አባባ ወልዴም አልተነሡም። የቀረው የውስጡ በር ነው። በዚያ በር ሊገባ የሚችለው አንድ ሰው ነው፤ ያን ሰው ያዳነው የማይሰማ ጆሮ ነው።»

ረሻድ ሳቀ። «ሽማግሌው ዋሸ። እኔ ምን አደረግሁ? መደንቆሩን በምን አውቄ?»

«ይህ ግቢ በሙሉ ከኋላቸው ይጣራል፤ ሳይዞሩ ሲቀሩም ይሰድባቸዋል። ዙሪያቸውን ዞረህ ፊታቸው ቆመህ፣ ጉልበታቸውን ነክተህ የምታናግራቸው አንተ ብቻ ነህ። ከወንድምህ ሚስት የተሰወረውን አንተ ታውቅ ነበር።» ወዬሳ ወደ ሻምበሉ ዞረ። «ደግሞ ዕቃ ቤቱን ፈትሻለሁ ጌታዬ። በነጭ ክር የተሰፉትን አራት ከፈትኩ፤ ሁሉም ይጮሃሉ። በቀይ የተሰፉትን አራት ከፈትኩ፤ ከሦስቱ ግማሹ እርሳስ ነው። ቀዩ የረሻድ ነው። ብሩን በወንድሙ ገንዘብ እገዛለሁ እያለ እርሳስ ያስገባ ነበር፤ ፈታኙ አይሰማምና። ዋጋው ሲወጣ ጆንያ የሚከፍት አልነበረም። ሲወርድ ግን ሀጂ ለመሸጥ የግድ መክፈት ነበረባቸው። ዛሬ ቁርሳቸውን በልተው ቢላ አነሡ፤ የመጀመሪያውን ቀይ ክር ቆረጡ።»

ወልደ አማኑኤል ነገሩን ከአፍ ከአፋቸው ሲለቅም ቆይቶ በድንገት ተናገረ። ድምፁን መመጠን አልቻለም፤ ይጮህ ነበር።

«ያወቀው ከኋላዬ ትሪ ጥሎ ነው! ሁለት ዓመት ሆነው። ‹አይዞህ አባባ፣ ምሥጢርህ ከኔ ጋር ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብር ሲያመጣ ይጥልና ‹ደኅና ነው አይደል?› ይለኛል። ደኅና ነው እላለሁ። ምን ልበል? ጆሮ የሌለው አንጥረኛ ማን እህል ያቀምሰዋል? ዛሬም ሴትዮዋ እንደ ጮኸች መጣና ‹ሳንቲም ስጥል ስትሰማኝ ነበር አይደል?› አለኝ። ስሰማህ ነበር አልኩት። ወንድሙን ይገድላል ብዬ በየት በኩል ላስብ? እርሳሱን ያሳለፍኩት ግን እኔ ነኝ። እኔ!»

ረሻድ ወደ ሻምበሉ ዞረ። «ጌታዬ፣ በደንቆሮ ቃል…»

ሻምበሉ ፊቱን አዞረ። በታይፕ የተመታውን ወረቀት በዓይኑ እየፈለገ፣ ለአጃቢው «ከሴትዮዋ ፍታና ለእሱ አግባለት። በፊት ለፊቱ በር ይውጣ፣ ሕዝቡ ይየው» አለ።

የግቢው በር ገና ገርበብ ሲል ከመንገዱ ጩኸት ገባ። ወሬ ከፖሊስ ይፈጥናል፤ «እርሳስ! እርሳስ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ረሻድ በሁለት ጉልበቱ ወደቀ።

«በዚህ አታውጡኝ! በአላህ ይዣችኋለሁ፣ በዚህ አታውጡኝ!» ሽቶው ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ይሸት ነበር። «ወንድሜም እንዲሁ ነው ያለኝ! ከረጢቱን ከፍቶ ብሩን ጣለው፣ ሰማው። ‹ና፣ እጅህን ይዤ በሩን ከፍቼ እሰጥሃለሁ፤ ብራችሁን የበላው ይኸው እላቸዋለሁ› አለኝ። ወደ በሩ ሲዞር… ፈራሁ። ወላሂ ፈርቼ ነው! በጓሮ አውጡኝ፣ እፈርማለሁ!»

በጓሮ አወጡት። ፈረመም።

ሻምበሉ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሪፖርቱን ለጸሐፊው ያስጽፍ ጀመር። «በሻምበሉ ብልህ አመራር» የሚለው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። ወዬሳ እንደ ምስክር በግርጌው እንዲፈርም ተነገረው፤ ፈረመ።

ወልደ አማኑኤል መሣሪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል። ወደ በሩ ያያል፤ አይራመድም። ወለተጻድቅ ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ወደ ሽማግሌው ሄደች። ትመታዋለች ብለው ፖሊሶቹ ተጠጉ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቆማ ቃሉን አንድ በአንድ ነገረችው።

«የባሌን ካሳ በልተህብኛል። እግዜር ይይልህ። ድንጋይ ግን አልወረውርም፤ ሌላውም እንዲወረውር አልፈቅድም። በነጠላዬ ሥር ግባ።»

ሁለቱ ወጡ። ከበሩ ውጭ ጩኸቱ አንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ የእሷ ድምፅ «ከኔ ጋር ነው! ከኔ ጋር ነው አልኩ!» ሲል ተሰማ፤ ከዚያም እየራቀ ሄደ።

ዙቤዳ የእጇን አንጓ እያሻሸች በበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች።  ወዬሳ የክሱን ወረቀት ይዞ አጠገቧ ቆመ። ክሱን የመታው ታይፒስት ዛሬ አይመለስም፤ ሻምበሉንም አዲስ ወረቀት ማስመታት አላስፈለገውም፤ «ስሙን ሰርዘህ የሌላውን ጻፍበት» ብሎታል።

«ሃምሳ አለቃ» አለች። «አባባ ወልዴ እንደ ካዱ ቢቀሩስ ኖሮ?»

ወዬሳ ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየው ነገር ግን አፉን ያዘው።

«ያን ጊዜማ ዛሬ ማታ ጣቢያ ነበርሽ» አላት።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በብዕር አንድ መስመር ሳበ፤ ከበላዩ ረሻድ ብሎ ጻፈ። ዙቤዳ ማንበብ አትችልም። ጎንበስ ብላ አየች።

«የቱ ነው የኔ ስም?»

በጣቱ አሳያት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ከመስመሩ ሥር ፊደሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ይታያሉ።

«አልጠፋም እኮ» አለች።

«አዎ» አላት ወዬሳ። «ይነበባል።»